እሱ ራሱን ሲጠራበት ይስቃል፣ እኔ ስጠራው ለምን ይቆጣል?

የዘምባባው ጥላ — ቅዳሜ፣ ማታ 3:10

ሰላም ለባሕር ዳሮች በሙሉ። ይህን ስጽፍ ትንሽ እያፈርኩ ነው። ግን ሦስት ሳምንት ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ ሰለቸኝ።

አንድ ጓደኛ አለኝ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ነን። ኳስ ተጫውተናል፣ ፈተና ተኮራርጀናል (መምህራን ካላችሁ ይቅርታ)፣ እናቱ ቤት በልቼ አድሬያለሁ። ቤተሰቦቹ ነገዴ ናቸው፣ ብዙ ሰው «ወይጦ» የሚላቸው የጣና ዳር ሰዎች። አያቱ ታንኳ ይሠሩ ነበር፣ አጎቱ አሁንም ይሠራሉ።

ልጁ ቀልደኛ ነው። በራሱም ይቀልዳል። አንድ ቀን ከአባይ ማዶ ስንመለስ ባጃጁ ጉድጓድ ገብቶ አንገጫገጨን። እሱ የጎኑን ብረት ሙጭጭ አድርጎ ይዞ፣ «እኛ ወይጦዎች እኮ ውኃ ላይ እንጂ አስፋልት ላይ አልተፈጠርንም» አለ። ሹፌሩ ሳይቀር ሳቀ። እንደዚህ ያለ ነገር በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይወጣዋል።

እና ከሦስት ሳምንት በፊት ስድስት ሆነን ሐይቁ ዳር ዓሣ ልንበላ ሄድን። ሁለቱ ከአዲስ አበባ የመጡ የሥራ ባልደረቦቼ ነበሩ። አስተናጋጇ «ምን ልታዘዝ?» ስትል፣ እኔ በፍቅር፣ እንዲያውም በኩራት፣ እጄን ትከሻው ላይ ጥዬ «የዓሣን ነገር ለዚህ ወይጦ ተዉለት፣ እሱ ይምረጥልን» አልኩ። ሰዉ ሳቀ። እሱም ፈገግ ብሏል፣ አይቼዋለሁ። ዓሣው መጣ። ለእሱማ ለብቻው ትንሽ ሳህን ሁሉ መጥቶለት ነበር፣ እንደ ክቡር እንግዳ። ሁለት ሦስቴ ጎረሰ። ከዚያ «ስልክ ተደወለልኝ» ብሎ ወጣ። በዚያው ቀረ።

እስካሁን ስልኬን አያነሳም። በጋራ ጓደኛችን በኩል ስጠይቅ «ሰድቦኛል» አለ ተባለ።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ቃሉ ስድብ ከሆነ ለሁሉም ስድብ ይሁን። ቀልድ ከሆነም ለሁሉም ቀልድ ይሁን። እሱ ሲለው ሳቅ፣ እኔ ስለው ኩርፊያ፣ ይሄ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?


አባይ ማዶ — ቅዳሜ፣ ማታ 3:22

እውነትህን ነው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» ይባላል። እዚህ ግን አጥሩን መጀመሪያ የነቀነቀው ራሱ ባለቤቱ ነው። በሩን ከፍቶ ሲያበቃ «ማን ግባ አለህ?» ብሎ መጣላት የለም።


ቆሮሶ — ቅዳሜ፣ ማታ 3:25

ሌላውን በኋላ እንደርስበታለን። የዓሣውን ሒሳብ ማን ከፈለ?


የዘምባባው ጥላ — ቅዳሜ፣ ማታ 3:26

እኔ። ምን አገናኘው?


ቆሮሶ — ቅዳሜ፣ ማታ 3:27

እንዲያው ነው። ሰው ተቀይሞ ከሄደ በኋላ ሒሳብ ይከብዳል።


የሽምብጧ — ቅዳሜ፣ ማታ 3:41

ወንድሜዋ፣ እኔ ታናሼን «ደንቆሮ» ሳልለው ውዬ አላውቅም። አንድ ቀን ጎረቤታችን «ያ ደንቆሮ ወንድምሽ» ብትለኝ ሦስት ወር አላናገርኳትም። ቃሉ ያው ነው። ግን ሲታመም ሐኪም ቤት አብሬው የማድረው እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም።

አንተ የእናቱን ሽሮ ስለበላህ ቤተሰብ የሆንክ መስሎህ ነው። ይሁና፣ ሆነሃል እንበል። ቤት ውስጥ ብትለው ምናልባት ይስቅ ነበር። አንተ ያልከው ግን ከማያውቃቸው ሁለት እንግዶች ፊት ነው። ስለ ልጁ ሌላ ምንም ሳያውቁ ዘሩን ነገርካቸው።


የዘምባባው ጥላ — ቅዳሜ፣ ማታ 3:50

እህቴ፣ ደንቆሮ የአንድ ሰው ስድብ ነው። ይሄኛው ግን መጠሪያ ነው። ሰዉ ሁሉ የሚጠራቸው በዚህ ነው፣ መጽሐፍ ላይም እንዲሁ ተጽፏል። መጠሪያ እንዴት ብሎ ስድብ ይሆናል?


ደንገል — ቅዳሜ፣ ማታ 4:30

ልጁ እኔ አይደለሁም፣ አትደንግጥ። ግን ልሆን እችል ነበር።

መጠሪያ እንዴት ስድብ ይሆናል ላልከው። እኛ ራሳችንን «ነገዴ» ነው የምንለው። ያኛው ሌላው ሰው የሚጠራን ነው። መጽሐፍ ላይ «ነገደ ወይጦ» ተብሎ ሁለቱ ተጣብቀው ይጻፋሉ። ያ ለጥናት ነው፣ አልጣላውም። ገበያ ውስጥ ግን «ነገደ» ብሎ የሚጀምርልህ የለም።

ቃሉ ደግሞ ብቻውን አይመጣም። ድሮ አባቶቻችን ጣና ላይ ጉማሬ ያድኑ ነበር፣ ሥጋውንም ይበሉ ነበር። በዚህ ምክንያት ክርስቲያኑ አብሮን አይበላም ነበር። እኛ ሙስሊም ነን። ሙስሊሙም «እናንተ ደግሞ ምን ዓይነት ሙስሊም ናችሁ» ይለን ነበር። ከሁለቱም ገበታ ወጣን። እኔ ጉማሬ የማየው እንዳንተው ከሩቅ ነው፣ ጆሮውን ብቻ። ሥጋው ቀረ፣ ስሙ ግን አልቀረም።

አያቴ ከደንገል፣ ታንኳው ከሚሠራበት የሐይቅ ተክል፣ የሠራችውን ቅርጫት ይዛ ገበያ ትወጣ ነበር። ሲጠማት ውኃ ትለምናለች። ቤት ውስጥ ብርጭቆ እያለ ለእሷ በጣሳ ነው የሚሰጧት። ጣሳው ለእሷና እንደ እሷ ላሉት ተብሎ ከበር ኋላ የሚቀመጥ ነው። የሰደባት ሰው አልነበረም። «እንኪ እናቴ፣ ጠጪ» ነበር የሚሏት። በጣሳው።

እኔ ሦስተኛ ክፍል እያለሁ አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ ነበር። አንድ ጠዋት እናቱ መጥታ ቦታ አስቀየረችው። ቃሉን ለመምህሩ በጆሮው ነው የነገረችው። እኔ ግን ሰማሁ። ልጆች እንዲህ ያለውን ነገር ይሰማሉ።

አሁን ጣሳው የለም ትሉኝ ይሆናል። በአብዛኛው የለም። ግን ቤት ልንከራይ ስንሄድ የአባታችንን ስም ብቻ ሳይሆን ሰፈራችንንም ይጠይቁናል። ከተማዋ ስትሰፋና ሐይቁ ዳር ሆቴልና መናፈሻ ሲሆን እኛ ወደ ኋላ ሸሸን። ደንገሉም በአንድ በኩል በእርሻ፣ በአንድ በኩል በእምቦጭ እየተገፋ ነው። ታንኳ ሠሪ ያለ ደንገል ምን ሊሆን ነው? ለቱሪስት ፎቶ።

ቤታችን ውስጥ ቃሉን እንጠቀምበታለን ወይ? አዎ። ታንኳ ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ አውጥተህ ፀሐይ ላይ ታደርቀዋለህ። አጎቴ ያን ሲያደርግ «የወይጦ መርከብ ከባለቤቱ በላይ ይጠጣል» ይላል። እንስቃለን። የምንስቀው ሁላችንም ያን ጣሳ ስለምናውቀው ነው። ከዚያ ሳቅ ተነስቶ ቦታ የሚቀይር ሰው የለም።

አንተ ስትለው ግን እኔ መጀመሪያ የማየው አንተን አይደለም። ዙሪያውን ነው። ማን ሰማ? ማን ዝም አለ? ማን ብርጭቆውን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ? አንተ ትስቃለህ፣ እኔ እቆጥራለሁ።

አባይ ማዶ፣ ስለ አጥሩ። ባለቤቱ አጥሩን የሚነቀንቀው መጽናቱን ሊያይ ነው።


የሽምብጧ — ቅዳሜ፣ ማታ 4:44

የአጥሩን ነገር ግሩም አድርገህ መለስከው። ጣሳውን ግን አሁን ተነስቼ እናቴን ጠየቅኳት። «እኛ ቤትም ነበረ» አለችኝ። ከዚያ ቴሌቪዥኑን ከፈተች።


አባይ ማዶ — ቅዳሜ፣ ማታ 5:02

ደንገል፣ አንብቤዋለሁ። ሁለት ጊዜ። አንድ ነገር ግን አሁንም አልተዋጠልኝም። ቃሉ መጥፎ ከሆነ ለምን እናንተ ታቆዩታላችሁ? የእኔ ልጅና የእናንተ ልጅ አንድ ክፍል ነው የሚማሩት። የእኔው ልጅ ቃሉን ከእናንተ ልጅ አፍ ሰምቶ ቤት ይዞት ይመጣል። ከዚያ እኔ በቀበቶ ላስረዳው ነው?


ደንገል — ቅዳሜ፣ ማታ 5:09

ቀበቶውን ተወው እንጂ። ነገሩስ ልክ ነው። እኔና ባለቤቴም በዚህ እንጣላለን። እሷ ከነጭራሹ ቤታችን ውስጥ አይነሳ ትላለች።


ፖሊ ሦስተኛ ዓመት — እሑድ፣ ጠዋት 2:05

ይሄ የደንገልና የባለቤቱ ጭቅጭቅ አሜሪካ ውስጥ ጥቁሮች እርስ በርሳቸው ስንት ዓመት የሚነታረኩበት ነው። በ«ኤን» ፊደል የሚጀምረውን ቃላቸውን ማለቴ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 አላባማ ውስጥ በተደረገ ኮንሰርት ራፐሩ ኬንድሪክ ላማር አንዲት ነጭ አድናቂ መድረክ ላይ አወጣና አብራው እንድትዘፍን ማይክ ሰጣት። የራሱን ግጥም ነው የዘፈነችው። ቃሉ ጋ ስትደርስ ሳትዘለው አለችው። ዘፈኑን አስቆመ። ሕዝቡ ጮኸባት። ያኔ ብዙ ሰው የጠየቀው የዘምባባውን ጥላ ጥያቄ ነው፦ እሱ ጽፎት፣ እሱ ሸጦት፣ ቲኬት ገዝታ የመጣችዋ ልጅ ለምን ትዘለዋለች?

በሌላ ወገን ደግሞ ቃሉ ለማንም አይሁን የሚሉ ጥቁሮች አሉ። ኤንኤኤሲፒ የተባለው አንጋፋ የመብት ማኅበራቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ዲትሮይት ላይ ለቃሉ የቀብር ሥነ ሥርዓት አድርጎለታል። ቀልዴን አይደለም። የሬሳ ሣጥን በፈረስ ጋሪ አስጭነው በአደባባይ ሸኙት። ኮሜዲያኑ ሪቻርድ ፕራየር ደግሞ ሥራዎቹ በዚህ ቃል የተሞሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1979 ኬንያ ሄደ። ሆቴል ቁጭ ብሎ ዙሪያውን ሲያይ ሁሉም ጥቁር ነው፤ እንግዳውም፣ ሠራተኛውም። በዚያ ቃል የሚጠራ ሰው ግን አላየም። ተመልሶ ቃሉን እንደተወ በመድረክ ተናገረ።

እና ሁለቱ ወገኖች እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ቃሉም የተቀበረ አይመስልም።


የመስመር ዳኛ — እሑድ፣ ጠዋት 3:30

አሜሪካን ተዉትና ወደ ኳስ ኑ። እንግሊዞቹ ሞክረው አይተውታል።

ሉዊስ ሱዋሬዝ እ.ኤ.አ. በ2011 ሊቨርፑል እያለ ጥቁሩን ተከላካይ ፓትሪስ ኤቭራን «ኔግሮ» (በስፓኒሽ «ጥቁር» ማለት ነው) አለው ተብሎ 8 ጨዋታ ተቀጣ፣ 40 ሺህ ፓውንድም ከፈለ። «እኛ አገር የተለመደ አጠራር ነው» ብሎ ተከራከረ። አልሰሙትም። ደግሞ ልክ ናቸው። ተጣልተው እየተናቆሩ ነው ያለው፣ ምን ዓይነት ፍቅር ነው ያ?

እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ኤዲንሰን ካቫኒ ለማንቸስተር ዩናይትድ ሳውዛምፕተን ላይ ሁለት አገባ። አንድ ወዳጁ ኢንስታግራም ላይ እንኳን ደስ አለህ ሲለው «አመሰግናለሁ ኔግሪቶ» ብሎ መለሰለት። ወዳጁን ነው! 3 ጨዋታና 100 ሺህ ፓውንድ። ሱዋሬዝም ካቫኒም ኡራጓያዊ ናቸው። የኡራጓይ የቋንቋ አካዳሚ ሳይቀር ተቆጣ፤ እኛ ዘንድ የፍቅር ቃል ነው ብሎ። የተሳደበው 40 ሺህ፣ ያመሰገነው 100 ሺህ። (በጨዋታ ግን 8 ለ 3 ነው፣ አትዘንጉ።)

እኔ የምለው፣ ቃል ብቻ ካየህ እንደዚህ ዓይነት ፍርድ ታመጣለህ። ማን ለማን፣ የት፣ በምን ሁኔታ ተባለ ነው ነገሩ። ዘምባባው ደግሞ እንደ ካቫኒ ነኝ ይለናል። እኔ ሜዳው ላይ አልነበርኩም።


ነፃ ምላስ — እሑድ፣ ጠዋት 3:48

[ይህ መልእክት በአወያይ ተነስቷል]


ቆሮሶ — እሑድ፣ ጠዋት 3:55

ነፃ ምላስ ተነፈገ። ሳይነሳ አንብቤው ነበር፣ ምንም አልቀረባችሁም።


የመተከል ልጅ — እሑድ፣ ቀን 6:20

ጉሙዝ ነኝ። እዚች ከተማ አራት ዓመት ተምሬያለሁ። ከተማዋን እወዳታለሁ። ሐይቁን ሳላይ የዋልኩበትን ቀን አላስታውስም።

ግቢያችን በር ላይ ባጃጅ የሚይዙ ልጆች ነበሩ። ቀኑን ሙሉ የአሜሪካ ራፕ ነው የሚከፍቱት። እርስ በርስ «ኒጋ» ይባባላሉ። «ኒጋ፣ ሳንቲም ዘርዝርልኝ።» «ኒጋ፣ ተራህን ጠብቅ።» እኔ ስመጣ ግን «ና ግባ አንተ *» ይሉኛል። በፍቅር ነው ይላሉ። ደግሞ አይዋሹም፣ ብር ሲያጥረኝ በነፃ ይወስዱኝ ነበር።

አንድ ቀን አንዱን «ኒጋ ከተባለማ ዋናው እኔ ነኝ፣ እናንተ ምን አገባችሁ?» አልኩት። ሳቀ። «እሱ እኮ ሌላ ነው» አለኝ። ሌላ ነው ያለው ገብቶኛል። በእንግሊዝኛ ሲሆን እንደ ተበዳይ ይዘፍነዋል። በአማርኛ ሲሆን እንደ ጌታ ይናገረዋል። መዝናኛውን ከአሜሪካ ጥቁር ወሰደ፣ ስሙን ለእኔ ሰጠ።

ሌላው። ከላይ ኮከብ ያደረግኩት እኔ አይደለሁም። በ«ባ» የሚጀምረውን ቃል ሙሉውን ነው የጻፍኩት፣ የመድረኩ ማጣሪያ ሸፈነው። ደስ ይላል። ግን ይህ ክር ከተከፈተ ጀምሮ «ወይጦ» የሚለውን ስንት ጊዜ አነበብኩ። እሱን ለምን አይሸፍነውም?


አወያይ — እሑድ፣ ቀን 7:15

ጥሩ ጥያቄ ነው። የተከለከሉ ቃላትን ዝርዝር ያወጣነው መድረኩ ሲከፈት ነው። ሦስት ሰዎች ቁጭ ብለን ትዝ ያለንን ጻፍን። ይሄኛው ትዝ አላለንም።


ደንገል — እሑድ፣ ቀን 7:18

ከሦስታችሁ ነገዴ ነበር?


አወያይ — እሑድ፣ ቀን 7:19

አልነበረም።


ሯጩ — እሑድ፣ ቀን 7:40

ማጣሪያው ከተነሳ እኔም አቤቱታ አለኝ። በ2015 ነሐሴ ጉዳፍ ፀጋይ የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስታመጣ፣ ለተሰንበትና እጅጋየሁ ተከትለዋት ሦስቱም የእኛ ሲሆኑ፣ የደስታ መልእክት ጻፍኩ። ከተማው «*ፔስት» ሆኖ ወጣ። የሀንጋሪ ዋና ከተማ እኮ ነው! ሰው ምን ተሳድቤ እንደሆነ ሲጠይቀኝ ዋለ። ይኸው እስከ ዛሬ አልተስተካከለም።


ቆሮሶ — እሑድ፣ ቀን 7:42

*ፔስት ሞቼ ነበር 😂


አወያይ — እሑድ፣ ቀን 7:50

ይስተካከላል። «ወይጦ»ን ላስገባው ወይ? ካስገባሁት የደንገል ጽሑፍ ግማሹ ኮከብ ይሆናል።


ደንገል — እሑድ፣ ቀን 8:10

እሱማ ነው ችግሩ። ብትሸፍነው እኔ የደረሰብኝን በምን ልናገር? ባትሸፍነው ነገ ሌላው መጥቶ ይለጥፈዋል። ባለቤቴን ልጠይቃት። እሷ «ሸፍነው» እንደምትል ግን አውቃለሁ።


የቀድሞ መምህር — እሑድ፣ ማታ 1:15

ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ። ጽሑፋችሁን ሁሉ አነበብኩ። ዓይኔ ስለደከመ የልጅ ልጄ ናት የምትተይብልኝ።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረዋል። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ የሚጽፈውን ሳይቀር በሥራው ስም እያወጣችሁ አትስደቡ የሚል ነው። ልብ በሉ፣ ንጉሠ ነገሥት በአዋጅ የሚከለክለው ሕዝብ ሁሉ የሚያደርገውን ነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። እኛ ደግሞ ዛሬ ስለዚያው እንነጋገራለን።

አሁን የራሴን ልናገር። ወጣት መምህር ሳለሁ አንድ ክፍል ውስጥ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ልጆች ነበሩኝ። ስም ስጠራ ለመለየት አንዱን «ረጅሙ» እለው ነበር። ሌላውን «ወይጦው» እለው ነበር። አንድም ቀን ስድብ ነው ብዬ አላሰብኩም። ልጁም «አቤት» ይል ነበር። ምን ይበል? መምህሩ ነኝ።

በዓመቱ ትምህርቱን አቆመ። በእኔ ይሁን በሌላ ምክንያት አላውቅም። አልጠየቅሁም። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነበር።

ረጅሙ ዛሬም መንገድ ላይ ያገኘኛል። እሱ ራሱ ስቆ «ረጅሙ ነኝ ጋሼ» ብሎ ራሱን ያስተዋውቃል።


የሽምብጧ — እሑድ፣ ማታ 1:31

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን። የልጅ ልጅዎንም ሰላም ይበሉልን።


ሕግ አጥኚ — እሑድ፣ ማታ 2:40

ማንም ያልጠየቀኝን ልመልስ። የጥላቻ ንግግርን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር መቀጮ አለው። ውጤቱ ከከበደ ቅጣቱም ይከብዳል። አዋጁ የሚያየው ንግግሩ ሆን ተብሎ በአንድ ቡድን ላይ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን ያነሳሳል ወይ የሚለውን ነው። የተናጋሪውን ዘር አይጠይቅም። ለትምህርት፣ ለዜና፣ ለኪነ ጥበብ ሥራ ደግሞ በሩን ክፍት ትቷል። ስለዚህ ሕጉ ዘምባባው እንዳለው ለሁሉም አንድ ነው።

ግን ዓሣ ቤት ውስጥ «ይህ ወይጦ ይምረጥልን» ያለውን ሰው ማንም ዐቃቤ ሕግ አይከስሰውም። ሕጉ ጋ የማይደርስ ስንት ነገር አለ።


የዘምባባው ጥላ — እሑድ፣ ማታ 2:52

100 ሺህ ብር ሳይ ልቤ ቆሞ ነበር። እናመሰግናለን።


የመተከል ልጅ — እሑድ፣ ማታ 3:05

ሕግ አጥኚ፣ ያንን «መድልዎ» የምትለውን ቃል ያዘው። ቃሉን ስንሰማ ጆሯችን የሚያመን በባዶ ሜዳ አይደለም።


የዘምባባው ጥላ — ማክሰኞ፣ ማታ 3:35

ሁለት ቀን የጠፋሁት ልጁን ፍለጋ ሄጄ ነው።

ቤቱ አልነበረም። አጎቱ ጋ ሐይቁ ዳር አገኘሁት። አጎቱ ደንገል እየጠፈሩ፣ እሱ እያቀበለ ነበር። አጎቱ ሰላም ብለውኝ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እሱ ቀና ብሎ አየኝና ምንም አላለም። አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ። የመጣሁት ይቅርታ ልጠይቅ ነበር፤ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ግማሽ ልቤ ገና ሊከራከር ነበር። የካቫኒን ነገር ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።

አፌን ስከፍት «ቃሉ አይደለም» አለኝ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ሳህኑ።»

አልገባኝም። ዝም ብዬ አየሁት። «ስድስት ሰው ነበርን» አለኝ። «ትሪው አንድ ነበር። ለእኔ ለምን ሳህን መጣ?»

እዚህ መጀመሪያ ስጽፍላችሁ «እንደ ክቡር እንግዳ» ብያለሁ አይደል? የእውነት እንደዚያ መስሎኝ ነው የጻፍኩት። እንዲያውም ያን ዕለት፣ አሁን ነው ትዝ ያለኝ፣ ሳህኑ ሲመጣ «አንተማ ልዩ ቦታ ተሰጠህ» ብዬ ቀልጃለሁ። ያን ጊዜ ነበር ፈገግ ያለው።

አስተናጋጇ እሱን ከዚያ በፊት አይታው አታውቅም። ማን እንደሆነ የነገርኳት እኔ ነኝ።

«ባጃጁ ውስጥስ?» አልኩት። የመጨረሻ ሙከራዬ ነበር መሰለኝ። «አንተስ ባጃጁ ውስጥ ብለኸው የለም?»

«ባጃጅ ውስጥ ሳህን የሚያመጣ የለም» አለኝ።

አጎቱ ሰምተዋል። ቀና አላሉም። ዝም ብለው ማሰሪያውን በእግራቸው ረግጠው ሳቡት።

ታርቀናል አልታረቅንም እንጃ። ስነሳ አንድ እስር ደንገል ሰጠኝና «አቀብላቸው» አለኝ። እስኪመሽ ሳቀብል ቆየሁ። ጣቶቼ ተላልጠዋል፣ የምጽፈው በአንድ እጅ ነው።


የሽምብጧ — ማክሰኞ፣ ማታ 3:49

ምን እንደምል ጠፋኝ።


ደንገል — ማክሰኞ፣ ማታ 4:00

ሳህኑን ቅዳሜ ስትጽፍ አይቼው ነበር። ራስህ እስክታየው ብዬ ዝም አልኩ።


አባይ ማዶ — ማክሰኞ፣ ማታ 4:06

እኔ አንብቤው አልፌዋለሁ። አሁን ወደ ላይ ተመልሼ አየሁት። እዚያው ቁጭ ብሏል።


ቆሮሶ — ማክሰኞ፣ ማታ 4:11

ለአስተናጋጇ ጉርሻ ሰጥተሃት ነበር?


የዘምባባው ጥላ — ማክሰኞ፣ ማታ 4:13

ሃምሳ ብር።


አወያይ — ረቡዕ፣ ጠዋት 3:20

«ቡዳፔስት» ተስተካክሏል። ሌላው ገና ነው፣ የደንገልን ባለቤት እየጠበቅን ነው።